አይዛክ መርፊ፦ ሁሉም የተወራረደበት ፈረሰኛ

እስቲ ስልካችሁ ላይ የከፈታችሁትን የዛሬውን የጨዋታ ዝርዝር ለአፍታ ዝጉትና ወደ ሌላ የጨዋታ ቀን ልውሰዳችሁ። ቀኑ ጁን 25 ቀን 1890 ነው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ካልጠቀስኩ በስተቀር፣ በፈረንጆቹ ናቸው)። ቦታው ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን፣ ሺፕስሄድ ቤይ የሚባለው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ። ኳስ ገና የዓለም ንጉሥ አልሆነም። የዚያ ዘመን አሜሪካዊ ተሰብስቦ የሚያወራው፣ የሚከራከረውና ገንዘቡን የሚያስይዘው በፈረስ ነው።

የዕለቱ ትልቅ ጨዋታ ሁለት ፈረሶች ብቻ የሚሮጡበት ነው። አንዱ ሳልቫቶር፣ ሌላው ቴኒ። ሁለቱም የአራት ዓመት ፈረሶች ናቸው። ርቀቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሁለቱም ባለቤቶች እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር አስይዘዋል። ሁለተኛ ወጣሁ ብሎ መጽናናት የለም፤ እዚህ ሁለተኛ ማለት የመጨረሻ ማለት ነው።

እንግዲህ እናንተ ብትሆኑ በማን ታስይዛላችሁ?

ግምት የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ያለፈውን ውጤት ነው። ከስምንት ቀን በፊት በዚሁ ሜዳ፣ ሰበርባን በተባለው ትልቅ ውድድር ላይ ሁለቱ ተገናኝተው ነበር። ሳልቫቶር አንደኛ፣ ቴኒ ሦስተኛ ወጡ። የቴኒ ባለቤት ዴቪድ ፑልሲፈር ግን አልተዋጠለትም። ፈረሱ እንደሚበልጥ አምኖ ለብቻችን ይለይልን ብሎ ተገዳደረ። የሳልቫቶር ባለቤት፣ በማዕድን የከበረው ጄምስ ሃጊን፣ እሺ አለ።

ቀጥሎ የሚታየው የፈረሱ ቁመና ነው። ሳልቫቶር መልከ መልካም ዳማ ነው። ቴኒ ደግሞ ወገቡ ወደ ታች የሰረጎደ፣ ለዓይን የማይሞላ ፈረስ ነው። ግን በቁመናው የናቁት ብዙ ሰዎች ገንዘባቸውን አስበልተዋል። በተለይ መጨረሻው ላይ ሲፈተለክ የሚያቆመው የለም።

በመጨረሻ የሚታየው ኮርቻው ላይ ማን እንዳለ ነው። ቴኒ ላይ የተቀመጠው ኤድ ጋሪሰን ነው፤ ወደ ኋላ ቀርቶ ቀርቶ በመጨረሻዎቹ ሜትሮች እንደ መብረቅ መጥቶ በማሸነፍ የታወቀ ጋላቢ። በዚህ ጠባዩ የተነሳ እንዲህ ያለው አጨራረስ እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ በእሱ ስም ይጠራል። ሳልቫቶር ላይ ደግሞ በዘመኑ ውርርድ ቤት ሁሉ ስሙ ሲጠራ ሰው ኪሱን የሚዳብስለት አንድ ጥቁር ሰው አለ። አይዛክ በርንስ መርፊ ይባላል።

ውጤቱን ወደ በኋላ ላቆየውና ሰውዬው እዚህ ኮርቻ ላይ እንዴት እንደደረሰ ልንገራችሁ።

የባሪያ ልጅ

አይዛክ በ1861 ኬንታኪ ውስጥ በአንድ እርሻ ላይ ተወለደ። ያኔ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሊፈነዳ የወራት ዕድሜ ነበር የቀረው። በዚያ ግዛት ጥቁር ሆኖ መወለድ፣ ለአብዛኛው ሰው፣ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ መወለድ ነበር። ፕሬዚዳንት ሊንከን የነጻነት አዋጁን ሲያውጁ እንኳ ኬንታኪ ከአዋጁ ውጭ ነበረች። እዚያ ባርነት በሕግ ያከተመው በ1865 መጨረሻ፣ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ሲሻሻል ነው።

አባቱ ነጻነትን ቁጭ ብሎ አልጠበቀም። ወደ ሰሜኑ ጦር ሄዶ ተመዘገበ። ወታደር ሆኖ ሞተ፤ ወደ ቤቱም አልተመለሰም። እናቱ አሜሪካ ትባላለች፤ አዎ፣ የአገሪቱ ስም ነው ስሟ። ልጇን ይዛ ሌክሲንግተን ወደምትባለው ከተማ፣ አባቷ ግሪን መርፊ ዘንድ ገባች። የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችው።

ልጁ የተወለደው አይዛክ በርንስ ተብሎ ነው። ጋላቢ ሲሆን ግን አያቱን ለማክበር መርፊ የሚለውን ስም ጨመረ። ይህን ነገር ልብ በሉት። ስም የዚህ ታሪክ ትልቁ ጉዳይ ነው፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ሌክሲንግተን ማለት የፈረስ አገር ማለት ነው። በዚያ ዘመን ፈረስ የሚያጥበው፣ የሚቀልበው፣ የሚገራው፣ የሚጋልበውም በአብዛኛው ጥቁር ነበር። በባርነት ዘመን የጌታውን ፈረስ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ልጅ፣ ከነጻነት በኋላ በእጁ የነበረው ሙያ ይኸው ነው። ታዋቂው የኬንታኪ ደርቢ በ1875 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ከ15ቱ ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ። ያሸነፈውም ኦሊቨር ሉዊስ የተባለ ጥቁር ነው።

አይዛክም ወደ ፈረስ በረት የገባው ገና በልጅነቱ ነው። ያስተማረው ኢሊ ጆርዳን የሚባል ጥቁር አሠልጣኝ ነበር። ልጁ ቀላል ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ እጁ ለስላሳ ነው። በዚያው በ1875፣ በ14 ዓመቱ፣ ለውድድር ኮርቻ ላይ ወጣ።

ጭንቅላቱ ውስጥ ያለ ሰዓት

መርፊን ከሌሎቹ የለየው ምን ነበር? ብዙ ጋላቢ ገና ከመነሻው ፈረሱን በአለንጋ ይሞሽልቃል። መርፊ አለንጋ የሚያነሳው ከስንት አንዴ ነው። በእጁና በድምፁ ነው ፈረሱን የሚያነጋግረው። ኮርቻው ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ የፈረሱ አካል ይመስል ነበር ይባላል።

ዋናው ግን የፍጥነት ስሜቱ ነው። አንድ ፈረስ በውስጡ ያለው ጉልበት ልክ እንደ ስልካችሁ ባትሪ ነው። መጀመሪያ ላይ ካቃጠላችሁት መጨረሻ ላይ የለም። መርፊ በየመቶ ሜትሩ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ በስሜት ያውቅ ነበር፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ሰዓት ያለ ያህል። ስለዚህ ባትሪውን ቆጥቦ ቆጥቦ በትክክለኛዋ ቦታ ላይ ይለቀዋል። የሚያሸንፈውም ብዙ ጊዜ ለጥቂት ነው። ተመልካቹን ልብ የሚያስጥል አሸናፊነት ነበር የእሱ፤ ፈረሱን ግን አይጨርሰውም።

በ1879፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ፋልሴቶ በተባለ ፈረስ ሳራቶጋ ላይ ሁለት ትልልቅ ውድድሮችን ሲያሸንፍ ስሙ በአገሪቱ ተዳረሰ። ያን ሰሞን ቁማርተኞች ፈረሱን ሆን ብሎ እንዲያዘገይ ገንዘብ እንዳቀረቡለትና እንዳባረራቸው ይነገራል። እንዲህ ያለው ነገር በዚያ ዓለም ብርቅ አልነበረም። ጋላቢ ልጓሙን ትንሽ ሳብ ቢያደርግ ማን ያያል? ግን መርፊ ላይ ይህ ስም አልተለጠፈበትም። ሰው በእሱ ላይ ሳይፈራ ገንዘቡን የሚያስይዘው ጎበዝ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን እንደማይሸጠው ስለሚያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የድል ዝርዝር ነው። ቺካጎ ላይ በ1884 የተጀመረውን አሜሪካን ደርቢ፣ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት አራቱን እሱ ወሰደው፤ በ1884፣ በ1885፣ በ1886 እና በ1888።

በ1884 ደግሞ የመጀመሪያውን የኬንታኪ ደርቢ ድሉን አገኘ። ይቺ ታሪክ ለግምት ወዳጆች የምትሆን ነች። የደረሰው ፈረስ ቡካናን ይባላል። ቡካናን በሕይወቱ አንድም ውድድር አሸንፎ አያውቅም። ይባስ ብሎ ቀደም ሲል መርፊን ጭኖ እምቢ ብሎ ፈርጥጦ ያውቃል። መርፊ በዚህ ፈረስ ላይ አልወጣም አለ። ካልወጣህ ትታገዳለህ ተብሎ ነው እየከፋው የወጣው። ውጤቱስ? ቡካናን አሸነፈ።

አያችሁ፣ የዘመኑ ታላቅ ፈረስ አዋቂ ራሱ፣ ነገ የሚያሸንፍበትን ፈረስ ዛሬ አልፈልግም ብሎ ነበር። ግምት እንዲህ ነው።

ከመቶ 34

ስለ ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ የመርፊ ቁጥር አሁንም ያስደንቃል። እሱ ራሱ በያዘው ሒሳብ 1,412 ጊዜ ጋልቦ 628 ጊዜ አሸንፏል። ይህ ከመቶ 44 ማለት ነው። በኋላ ዘመን ሰዎች የድሮ መዝገቦችን አገላብጠው 1,538 ግልቢያና 530 ድል አገኙ፤ ከመቶ 34። ትንሹን ቁጥር ብንወስድ እንኳ በፈረስ ግልቢያ ዓለም ይህ እጅግ ከፍተኛ ነው።

አሁን ይህን ቁጥር ገልብጣችሁ እዩት። ከመቶ 34 አሸነፈ ማለት ከመቶ 66 ተሸነፈ ማለት ነው። በዘመኑ ወደር የሌለው ጋላቢ፣ ሦስት ጊዜ ሲጋልብ ሁለቴ ያህል ይሸነፋል።

እስቲ በብር እናስላው። ዛሬ ቢሆንና አንድ ሰው በመቶ የመርፊ ግልቢያዎች ላይ በእያንዳንዱ 100 ብር ቢያስይዝ፣ በድምሩ 10,000 ብር አወጣ። ስሙ ገናና ስለሆነ አወራራጁ ኦዱን ዝቅ አድርጎ ሁለት ብቻ ሰጠ እንበል። 34 ጊዜ ቢያሸንፍ 6,800 ብር ይመለሳል። መርፊ ራሱ በቆጠረው 44 ብናሰላ እንኳ 8,800 ብር ነው። ሰውየው ምርጡን ጋላቢ መርጦ፣ ምርጫውም ትክክል ሆኖ፣ ከስሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እናንተ የምታውቁትን አወራራጁም ያውቀዋል። ገናናው ሰው ላይ ሁሉም ስለሚያስይዝ ዋጋው አስቀድሞ ተቀንሷል። ይህ ከ130 ዓመት በፊት ኒውዮርክ ላይም፣ ዛሬ ሰፈራችሁ ያለው ቤቲንግ ቤት ውስጥም አንድ ነው።

ኮርቻው የሚጠይቀው ዋጋ

መርፊ ግን ተከፍሎታል። በጥሩ ጊዜው በዓመት ከ15 እስከ 20 ሺህ ዶላር ያገኝ ነበር፤ በዚያ ዘመን አንድ ስፖርተኛ፣ ያውም ጥቁር፣ ሊያልመው የማይችለው ገንዘብ። ሉሲ የምትባል ሴት አገባ። ሌክሲንግተን ውስጥ ጥሩ ቤት ገዛ። የራሱን ፈረሶችም ያዘ። የልብስ አጣቢዋ ልጅ የከተማው የተከበረ ሰው ሆነ።

ነገር ግን ውጤት የሚዘረዝረው ወረቀት ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር ነበር። ረሃብ።

የፈረስ ውድድር የክብደት ጨዋታ ነው። ፈረሱ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም አስቀድሞ ይወሰናል። ጋላቢው ከተወሰነው ከበለጠ ግልቢያው ያመልጠዋል። መርፊ በልጅነቱ ቀላል ነበር፤ ዕድሜው ሲገፋ ግን ሰውነቱ እንደ ማንም ሰው ሰውነት ወፈር ማለት ጀመረ። ክረምት ላይ ውድድር ሲቆም ወደ 63 ኪሎ ይደርሳል። ፀደይ ሲመጣ ወደ 50 ኪሎ መውረድ አለበት። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 13 ኪሎ።

እንዴት? ባለመብላት፣ ወፍራም ልብስ ደራርቦ በመሮጥ፣ በላብ። ይህንን በየዓመቱ ደጋገመው። ጾም ለነፍስ ነው፤ ይህ ግን ሰውነትን እንደ እንጨት መላጥ ነበር።

ጋዜጦች መርፊን ከእንግሊዙ ዝነኛ ጋላቢ ከፍሬድ አርቸር ጋር እያወዳደሩ ጥቁሩ አርቸር ይሉት ነበር። ውዳሴ መሆኑ ነው። አርቸር ለ13 ተከታታይ ዓመታት የእንግሊዝ ቁጥር አንድ ጋላቢ የነበረ ሰው ነው። ግን እሱም በረሃብና በመድኃኒት ክብደቱን ሲያወርድ ሲያወርድ ሰውነቱ ደክሞ፣ ባለቤቱንም በሞት ተነጥቆ፣ በ1886 በትኩሳት ላይ ሳለ በ29 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ንጽጽሩ ጋዜጠኞቹ ካሰቡት በላይ እውነት ነበር።

ጁን 25

እንግዲህ ወደ ሺፕስሄድ ቤይ እንመለስ። ሳልቫቶርና ቴኒ መነሻው ላይ ቆመዋል።

ሁለቱም ተነሱ። መርፊ ሳልቫቶርን ፊት አስቀመጠው። ፍጥነቱን ራሱ ወሰነ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ሰዓት እየቆጠረ ነው። ቴኒ ወደ ኋላ ቀረ። ተመልካቹ አለቀ ብሎ ሲያስብ ጋሪሰን ጋሪሰንነቱን አሳየ። ያ ወገቡ የሰረጎደ ፈረስ ክፍተቱን በሜትር በሜትር ይበላው ጀመር። ወገብ ለወገብ፣ አንገት ለአንገት ሆኑ። ጋሪሰን በአለንጋ ይሟገታል። መርፊ ግን ኮርቻው ላይ እንደ ሐውልት ተቀምጧል።

መስመሩን ሲያልፉ ሳልቫቶር ራስ በማይሞላ ልዩነት ቀድሟል። ሰዓቱ 2 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ፤ ለርቀቱ አዲስ ክብረ ወሰን። ፎቶ አንሺ የማጠናቀቂያዋን ቅጽበት ቀረጻት፤ ያቺ ፎቶ ከፈረስ ውድድር ቀደምት የማጠናቀቂያ ፎቶዎች አንዷ ሆና ቀረች። ኤላ ዊለር ዊልኮክስ የተባለች ታዋቂ ባለቅኔም ስለዚያ ቀን ግጥም ጻፈች። የግጥሙ ርዕስ የያዘው የፈረሱን ስም ነው።

መርፊ ያን ዓመት፣ ከአንድ ወር በፊት፣ ራይሊ በተባለ ፈረስ ሁለተኛውን የኬንታኪ ደርቢ አሸንፎ ነበር። ከዚህ በላይ የሚወጣበት ተራራ አልነበረውም።

ሁለት ወር ቆይቶ

ኦገስት 26 ቀን 1890። ቦታው ኒው ጀርሲ፣ ሞንማውዝ ፓርክ። መርፊ ዛሬ የሚጋልበው ፊሬንዜ የተባለችውን ዝነኛ ባዝራ ነው። ባለቤቷ ያው ሃጊን ነው። ጋላቢው መርፊ፣ ፈረሷ ፊሬንዜ። ገንዘብ ያለው ሁሉ ቆረጠላት።

ውድድሩ ሲጀመር ግን አንድ ነገር ልክ አልነበረም። ያ እንደ ሐውልት የሚቀመጥ ሰው ኮርቻው ላይ ይወዛወዛል። ልጓሙ እጁ ላይ ላልቷል። ፊሬንዜ መጨረሻ ወጣች። ከመስመሩ በኋላ መርፊ ከፈረሷ ላይ መሬት ወደቀ።

ትሪቡኑ ላይ የነበረው ሰው ያየው የታመመ ሰው አልነበረም። ያየው የተበላ ገንዘቡን ነው። ሰክሯል ተባለ። ጋዜጦቹ በማግሥቱ ተሳለቁበት። ዳኞቹ አገዱት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በንጽሕናው የተመሰገነ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ሰካራም የሚል ስም ተለጠፈበት።

መርፊ አለመስከሩን እስከ መጨረሻው ተናገረ። አንድ ነገር ሳያጠጡኝ አልቀሩም ብሎም ጠረጠረ። ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች ሁለት ነገር ያነሳሉ፤ አንድም ቁማርተኞች መርዘውታል፣ አንድም ለዓመታት የተራበው ሰውነቱ በመጨረሻ ከድቶታል። እውነቱ ዛሬም አልተቆረጠም። የሚታወቀው ግን ያን ቀን ምን ሆነህ ነው ብሎ የጠየቀው ሰው ማነሱ ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ በዚያው ሜዳ፣ ሳልቫቶር ብቻውን ከሰዓት ጋር ሮጦ አንድ ማይልን በ1 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ተኩል ጨረሰ። የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ጀርባው ላይ የነበረው ግን ሌላ ጋላቢ ነው። መርፊ ታግዷል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ተስፋ አልቆረጠም። በ1891 ኪንግማን በተባለ ፈረስ ሦስተኛውን የኬንታኪ ደርቢ ወሰደ። ደርቢውን በተከታታይ ሁለት ዓመት ያሸነፈ የመጀመሪያው ጋላቢም ሆነ። ፈረሱን ያሠለጠነውና ከባለቤቶቹ አንዱ የነበረው ዱድሊ አለን ጥቁር ነበር። ጥቁር አሠልጣኝ፣ ጥቁር ባለቤት፣ ጥቁር ጋላቢ። የሦስት ደርቢ ድሉን እስከ 1930 የደረሰበት፣ እስከ 1948 ደግሞ ያለፈው አልነበረም።

ግን ጥሪው ቀነሰ። የሞንማውዙ ወሬ አልለቀቀውም። ክብደቱም እንደ በፊቱ አልታዘዝ አለው። በዚያ ላይ አገሪቱ እየተለወጠች ነበር። ግልቢያ ጥሩ ገንዘብ የሚያስገኝ ሥራ ሲሆን ነጭ ጋላቢዎች ጥቁሮቹን ከሜዳው መግፋት ጀመሩ። ሜዳ ላይ አጥር ዳር እያስጠጉ ያስደነግጧቸዋል፤ በአለንጋ ይመቷቸዋል። የፈረስ ባለቤቶችም ፈረሳቸው እንዳይጎዳ ብለው ጥቁር መቅጠር ተዉ።

አይዛክ መርፊ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1896 በሳንባ ምች ሌክሲንግተን ቤቱ ውስጥ ሞተ። ዕድሜው 35 ነበር። ለዓመታት የተራበ ሰውነት በሽታውን የሚቋቋምበት አቅም አልነበረውም። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ቀበረው። ሦስት ወር ቆይቶ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭን መለየት ሕጋዊ ነው ብሎ ፈረደ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በቁጥር ይታያል። ኬንታኪ ደርቢን ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው ጥቁር ጋላቢ ጂሚ ዊንክፊልድ ነው፤ በ1902። ከ1921 እስከ 2000 ድረስ በደርቢው ላይ አንድም ጥቁር አሜሪካዊ ጋላቢ አልታየም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ከ15 ጋላቢ 13ቱ ጥቁር በነበሩበት ውድድር ላይ ማለት ነው።

የመርፊ መቃብርም ጠፋ። ምልክቱ ደክሞ፣ ሣር በቅሎበት፣ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። በ1955 የአሜሪካ የፈረስ ውድድር የክብር መዝገብ ውስጥ ስሙ ሲገባ እንኳ መቃብሩን ማሳየት የሚችል ሰው አልነበረም። በ1960ዎቹ አንድ ጋዜጠኛ ዓመታት ፈጅቶ ፈልጎ አገኘው። አፅሙ በ1967 ተነስቶ ማን ኦ ዋር የተባለው ገናና ፈረስ አጠገብ ተቀበረ። ዛሬ ሁለቱም ኬንታኪ ሆርስ ፓርክ ውስጥ ናቸው።

የፈረስ ስም

አሁን የስሙን ነገር ላንሳው ብዬ ነበር። መርፊ የሞተበት ቀን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 5 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ከዚያ 18 ቀን በኋላ፣ የካቲት 23፣ ዓድዋ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያን ቀን ጦሩን የመሩት ንጉሠ ነገሥት አባ ዳኘው ይባሉ ነበር፤ በፈረሳቸው ስም። ዐፄ ቴዎድሮስም አባ ታጠቅ ነበሩ። በእኛ አገር ጀግና በፈረሱ ስም ይጠራል። ፈረሱ የሰውየውን ክብር ተሸክሞ ከትውልድ ትውልድ ያሻግራል። ፈረሱ ሲታወስ ፈረሰኛው አብሮ ይታወሳል።

የመርፊ ነገር የተገላቢጦሽ ሆነ። የፈረሱ ስም በግጥም ቀረ። ፈረሰኛው ግን መቃብሩ እንኳ ጠፍቶ፣ ሲገኝም ሰው የሚጎበኘው ፈረስ ጎን ተወስዶ ተቀመጠ። ክብር ነው፣ አልክድም። ግን አጥብቆ ለሚያስብ ሰው ነገሩ ትንሽ ይቆረቁራል።

ይህን ሁሉ ያወራሁት አትወራረዱ ብዬ ለመስበክ አይደለም፤ ሒሳቡን ከላይ አሳይቻችኋለሁ፣ እሱ ይበቃል። ሌላ ነገር ነው የገረመኝ። በሰው ላይ ገንዘብ ስናስይዝ ሰውየውን ማየት እንተዋለን። ፊሬንዜ መጨረሻ በወጣችበት ቀን ትሪቡኑ ላይ ብዙ ሺህ ዓይን ነበር። መርፊ ሲወዛወዝ ሁሉም አዩት። አንድ ሰው እየወደቀ እንደሆነ ግን አላዩም፤ ያዩት ትኬታቸው ሲቃጠል ነው።

ዛሬ ማታ አንዱ አጥቂ ፍጹም ቅጣት ምት ይስታል። አንዱ በረኛ ኳሷን ያሾልካል። አንዲት ሯጭ መጨረሻው ዙር ላይ እግሯ ይከዳታል። ስልካችን እጃችን ላይ ነው፤ ስድቡን ለመጻፍ ሰከንድ አይፈጅም። ከመጻፋችን በፊት ሞንማውዝ ላይ መሬት የወደቀውን ሰው እናስበው። ምናልባት ታሞ ይሆናል። ምናልባት ለዓመታት ተርቦ ይሆናል። ውጤት የሚዘረዝረው ወረቀት ላይ ይህ አይጻፍም።

ስሙ አይዛክ በርንስ መርፊ ነው። ፈረሱም ሳልቫቶር ይባላል። ሁለቱንም አንድ ላይ አስታውሷቸው።